የማታው አባዬ

አባዬ ሁለት ነው፤ የጠዋቱና የማታው። የጠዋቱ ጫማውን እያሰረ ያፏጫል፤ የእኔን ፀጉር አይቶ «ይሄን ጎጆ የሠራችው ወፍ የት ሄደች?» ይላል። የማታው ሌላ ሰው ነው። የግራ ዓይኑ ቆብ እንደ ሱቅ መዝጊያ ቀስ እያለ ይወርዳል። ቃላቱ በአፉ መውጣት ትተው በአፍንጫው በኩል ይመጣሉ። ዳቦ ሲያኝክ አገጩን በእጁ ይደግፋል። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሰው እንዳያየው ነው።

ሰፈሩ ለዚህ ነገር ቶሎ ምክንያት አገኘለት፤ መጠጥ ነው አለ። ምላሱ የሚተሳሰር፣ ዓይኑ የሚከደን ሰው ታዲያ ሌላ ምን ይባላል? አባዬ ግን ከሻይ የከረረ ነገር ቀምሶ አያውቅም። አፉን አሽትቼ አረጋግጫለሁ። አዎ፣ አሽትቻለሁ! ጎረቤት ከሚነግረኝ አፍንጫዬ የሚነግረኝን አምናለሁ። አባዬ «ለምንዬ» እያለ የሚጠራኝ በከንቱ አይደለም፤ አፌን የፈታሁት «ለምን?» ብዬ ነው ይላል። ከትምህርት ቤትም ቶሎ የተኳረፍነው በዚሁ ጠባዬ ነው። አሁን የአክስቴን ኪዮስክ እጠብቃለሁ፤ ለስላሳ፣ ውሃ፣ ብስኩት እሸጣለሁ። እዚያ የፈለግሁትን ብጠይቅ ከክፍል ውጪ የሚለኝ የለም።

የአባዬ ሥራ ተኳሽነት ነው። ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ ልብስ ነው የሚተኩሰው፣ ላውንደሪ ቤት ውስጥ። ከእሱ እጅ የወጣ ሱሪ መስመሩ ሽንኩርት ይከትፋል። ሰው ሲያገኝ ከፊቱ በፊት ኮሌታውን ነው የሚያየው። ታዲያ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኖ ሳለ፣ ክንዱ «በቃኝ» አለው። ካውያው ከእጁ አመለጠና ጭኑ ላይ አረፈ። ባለ ላውንደሪው ቁስሉን ከማየቱ በፊት ያየው የተከደነውን ዓይኑን ነው።

«ሰክሮ የሚተኩስ ሰው እኔ አላኖርም» አለው። «ታምሜያለሁ ካልክ የሐኪም ቦርድ ማስረጃ አምጣ። ካላመጣህ ሳትጠጣ መጥተህ ካውያህን ያዝ።»

ነገሩ እንግዲህ ይሄው ነው። ቦርዱ «ይህ ሰው ሥራውን መሥራት አይችልም» ብሎ ከጻፈ አባዬ የአካል ጉዳት ድጎማ ያገኛል። ካልጻፈ ወደዚያ ካውያ ይመለሳል። የጭኑ ጠባሳ ገና እንደ ሕፃን ድድ ቀይ ነው። ባየሁት ቁጥር ካውያው ቀጥሎ የት ያርፍ ይሆን እላለሁ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ በጠዋት ነበር። ያን ቀን የሠራነውን ጉድ እንደኛ ያለ ቤተሰብ ካልሆነ ማንም አይሠራውም።

አክስቴ የአባዬ ታላቅ እህት ናት። ሰው ፊት መቅረብ ለእሷ ሠርግ ነው። «ሹማምንት ፊት እንደ ለማኝ ተጎሳቁለህ አትቀርብም!» ብላ አባዬን ከቀጠሮው በፊት ያለውን ቀን ሙሉ እንደ አራስ አስተኛችው። ጠዋት ጢሙ ተላጨ፣ ጫማው አበራ። ሸሚዙን ራሱ ተኮሰው፤ ጠዋት ነዋ! ከቤት ሲወጣ ላዩት ሁሉ ሙሽራ እንጂ በሽተኛ አይመስልም ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ከረጅም ጠረጴዛ ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሹራብ የደረቡ ሽማግሌ ሰብሳቢ፣ መነጽሯን አናቷ ላይ የሰካች ወጣት ዶክተር፣ አንድ ደግሞ ቀና የማይል ጸሐፊ።

«እንዴት ነዎት?» አሉት ሰብሳቢው።

«እግዚአብሔር ይመስገን! እንደ ብረት ነኝ!»

እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«እስቲ እጅዎን ያንሱ።» አነሳ። «ይጨብጡኝ እስቲ።» አባዬ ጨበጣቸው። ሰብሳቢው እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር አውርደው ጣቶቻቸው በቦታቸው መሆናቸውን ሲዳብሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ታዲያ ምንዎን ነው የሚያመዎት?»

«ኧረ ምንም አይደል… ወደ ማታ ድካም ቢጤ ናት። ዕድሜ መሰለኝ።»

«ወንድሜ እኮ ድሮም ብርቱ ነው!» አለች አክስቴ ከኋላ፣ ኩራቷ አላስቀምጥ ብሏት። «በልጅነቱ ሲታገል የሚጥለው አልነበረም!»

እግሯን ረገጥኳት። «ምን ሆነሽ ነው የምትረግጪኝ?» አለች ጮክ ብላ።

ዶክተሯ የክሊኒክ ካርዱን ገለጠች። አባዬ ክሊኒክ በሄደ ቁጥር «እንዴት ነህ?» ሲባል «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ይላል፤ ሐኪሙም የሰማውን ይጽፋል። ካርዱን ያነበበ ሰው ይህ ሰውዬ ክሊኒክ የሚመላለሰው ለሰላምታ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ጸሐፊው «ለሥራ ብቁ» ብሎ ሲጽፍ አባዬ ብድግ ብሎ አመሰገነ። የተፈረደበትን የሚያመሰግን ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? አክስቴም «እንኳን ደስ ያለን!» ልትል አፏን ከፍታ ነበር፤ ነገሩ የገባት መካከል ላይ ነው፣ አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ዶክተሯ በር ላይ ደረሰችብን። «ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ» አለች። «ግን የምናየው ነገር ያስፈልገናል። በወሬ ብቻ አይሆንም፤ የሚታይ ነገር።»

የሚታይ ነገር! ይቺ ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ገብታ እንደ ትንኝ ታዞረኝ ጀመር።

መጀመሪያ የመጣልኝ ስልክ ነው። ማታ ላይ በቪዲዮ ልቀርጸው የአክስቴን ስልክ ይዤ አልጋው አጠገብ ቆምኩ። አባዬ ወደ ግድግዳው ዞረ። በግድግዳው በኩል ተሽሎክልኬ ልገባ ስል ብርድ ልብሱን ተከናነበ።

«አባዬ፣ ለሐኪሞቹ እኮ ነው።»

«እንዲህ ሆኜ… በስልክ አልቀረጽም» አለ፣ በአፍንጫው። «ሰው… ሰክሯል ነው የሚለው።»

ምን ታደርጉታላችሁ? አባዬን ከኮሌታው ጀምሮ እስከ ጫማው ድረስ የያዘው ክብሩ ነው። እሱን ነክቼ የትም አልደርስም።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ሳልፈልገው ነው። ይግባኙ እስኪታይ ሥራ ስላቆመ አባዬ ከሰዓት በኋላ ኪዮስኩ ጥላ ሥር ይቀመጣል። አንድ ቀን ሙቀቱ በረታና ከፍሪጅ ያወጣሁለትን የለስላሳ ጠርሙስ ከመጠጣቱ በፊት የወደቀው ዓይኑ ላይ አሳረፈው። ደንበኛ ሸኝቼ ስመለስ አየሁት። ዓይኑ ተከፍቷል! እንደ ጠዋቱ፣ ወለል ብሎ።

«አባዬ! ዓይንህ!»

«ምን ሆነ?»

«ተከፈተ!»

«ታዲያ ዓይን ለምን ይመስልሻል የተፈጠረው?»

ትንሽ ቆይቶ ቆቡ ተመልሶ ወረደ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አባዬ ሰላም አላገኘም። ቀዝቃዛ ጠርሙስ ዓይኑ ላይ ሳስይዘው ቆቡ ይነሳል። ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ሞከርኩ፤ ባሰበት። ዝም ብሎ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ይሻለዋል። ብዙ ሲያወራ ድምፁ ወደ አፍንጫው ይሰደዳል። ሳቅ ራሱ ያደክመዋል፤ ሲስቅ ከንፈሩ ላይ ያለው ፈገግታ በአንድ በኩል ይንሸራተታል።

«ልጅ ወለድኩ ብዬ ላቦራቶሪ ከፍቻለሁ» አለ ጠርሙሱን ከእጄ እየነጠቀ። «እስቲ አንዱን እንኳ ልጠጣው!»

አክስቴ ደግሞ «ሸቀጡን ሁሉ በአባትሽ ዓይን ልታሞቂው ነው!» ብላ ጮኸች።

እኔ ግን ገብቶኝ ነበር። ሙሉውን ባይሆንም ጫፉን ይዣለሁ። በሽታው የሚመጣው ሲደክም ነው። እኛ ደግሞ በዓመት አንዴ እንኳ እንደዚያ አርፎ የማያውቀውን አባዬን ቀን ሙሉ አስተኝተን ነው ቦርዱ ፊት ያቀረብነው። የጠዋቱን አየት አድርገው «ብቁ» አሉ። ካውያውን የሚይዙት ግን ሁለቱም ናቸው።

የይግባኙ ቀጠሮ ደረሰ፤ እሱም በጠዋት። አክስቴ እንደገና አስተኛችው፣ እንደገና አስላጨችው። እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ ማንም ልብ አላለም። ከፍሪጁ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አውጥቼ በፎጣ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ኮሪደሩ ጠባብ ነው። በሁለቱ በኩል አግዳሚ ወንበር፣ በአንድ ጫፍ የማይከፈት መስኮት፣ በሌላው ጫፍ የቦርዱ በር። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሞ ወረፋ ያስጠብቃል። ተራችን ሲደርስ ተነሳሁና አጠገባችን ክራንች ይዛ የተቀመጠችውን ሴትዮ «እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አልኳት።

«ተባረኪ የኔ ልጅ!»

ቀጥሎ አንገቱን በፋሻ የጠመጠመ ሰውዬ። «አባባ፣ ይግቡ፣ እኛ አንቸኩልም።»

«ትልቅ ሰው ሁኚ!»

ምርቃቱ እየዘነበልኝ ሳለ አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ወረፋ የሚሰርቅ አይቻለሁ፤ ወረፋ የሚመጸውት ግን ዛሬ ገና አየሁ! ምን ነክቶሽ ነው?»

«ጽድቅ ፈልጌ ነው፣ አክስቴ።»

«አንቺና ጽድቅ!»

ከዚያ ወደ አባዬ ዞርኩ። «አባዬ፣ እስቲ ያንን የሁለቱን ሙሽሮች ንገረኝ።»

ይቺ የአባዬ ምርጥ ታሪክ ናት። በአንድ ቀን ሁለት ሙሽሮች ላውንደሪ ቤቱ ሱፍ አስተኮሱ፤ አንዱ እንደ መብራት እንጨት ረጅም፣ አንዱ ድንክ። አባዬ ተቻኩሎ ሱሪያቸውን አቀያየረው። ታሪኩን ሲያወራ የሁሉንም ድምፅ ያወጣል፤ የረጅሙን፣ የድንኩን፣ የሙሽራይቱን እናት፣ የባለ ላውንደሪውን። ማታ ማታ ነው የሚያወራልኝ፤ ጠዋት እሱ ይቸኩላል፣ እኔ እተኛለሁ። ስለዚህ እኔ መጨረሻውን ሰምቼው አላውቅም። ሁልጊዜ ድምፁ ቀድሞ ያልቃል።

አባዬ ጀመረ። ወንበሩ ላይ ያሉት ጆሮ ጣሉ፤ ከዚያ ጠጋ ጠጋ አሉ። ዘበኛው ራሱ በሩን ትቶ መጣ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ኮሪደሩን ምድጃ አደረገችው። እኔ ሰው ማስቀደሜን ቀጠልኩ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ቦርዱ ወጣ፣ ተመለሰ፤ አባዬ ገና ረጅሙን ሙሽራ ልብስ እያስለበሰው ነው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲቀር ኮሪደሩ በሳቅ ፈረሰ።

አባዬም ሳቀ። ፈገግታው በአንድ በኩል ተንሸራተተ።

«ከዚያማ…» አለ። «ከዚያማ የሙሽ… የሙሽራይቱ እናት…» ድምፁ ወደ አፍንጫው ሄደ። ቆቡ መውረድ ጀመረ።

ዘበኛው ትክ ብሎ አየውና ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው በምሳ ሰዓት ወጣ ብሎ ተጎንጭቷል እንዴ?»

በሹክሹክታ ነበር፤ ግን ኮሪደሩ ጠባብ ነው። አባዬ ሰማ። ፊቱ እንደ ተጨማደደ ሸሚዝ ተሰበሰበ። ግድግዳውን ይዞ ተነሳ።

«እንሂድ።»

«አባዬ…»

«ለምንዬ… ሆን ብለሽ ነው?»

ልዋሸው ፈለግሁ፤ አልቻልኩም። «አዎ። የማታውን አንተን እንዲያዩት ነው።»

«እንዲህ ሆኜ?» እጁን ወደ ዓይኑ አነሳ፤ ክንዱ መንገድ ላይ ደክሞት ተመለሰ። «ሰው ፊት?»

አክስቴ አሁን ነው የገባት። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። የእኔ ምላስ ግን ጥሎኝ አያውቅም።

«አባዬ፣ የጠዋቱ ገብቶ ካወራ፣ ካውያውን የሚይዘው የማታው ነው። ጭንህን አይቻለሁ። ቀጥሎ ፊትህ ላይ ቢሆንስ?»

አባዬ የመውጫውን በር አየ፣ የቦርዱን በር አየ። ቢሄድ ማንም አይከለክለውም ነበር። ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠና አገጩን በእጁ ደግፎ ዘበኛውን አየው።

«የት… ደርሼ ነበር?»

«እ… የሙሽራይቱ እናት ጋ፣ ጋሼ» አለ ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ።

አባዬ ቀጠለ። ድምፁ እየተሰባበረ፣ ቃል እየዋጠ፣ ዓይኑ ሊዘጋ ትንሽ ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ እያየው ቀጠለ። ያን ያህል ደፋር መሆኑን አላውቅም ነበር።

ስንጠራ አክስቴ በአንድ በኩል፣ እኔ በአንድ በኩል ይዘነው ገባን።

«እኚህ ሰው እንደገና?» አሉ ሰብሳቢው። «እንዴት ነዎት?»

ይህን ጥያቄ አባዬ በሕይወቱ የመለሰው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

«ደህና…» አለ። «ደህና… አይደለሁም።»

ሰብሳቢው ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «ጠጥተዋል?»

«ከሻይ በላይ አያውቅም! ከፈለጉ አፉን ያሽትቱ!» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ። ዶክተሯ ግን ከመቀመጫዋ ተነስታ ነበር። መነጽሯን ከአናቷ አወረደች።

«እስቲ ወደ ላይ፣ ወደ ማራገቢያው ይመልከቱ። ዓይንዎን እንዳይነቅሉ።»

አባዬ ጣሪያው ላይ የሚዞረውን ማራገቢያ አየ። ቆቡ ወረደ፣ ወረደ፣ ተዘጋ። እሷ በጣቷ አነሳችው፤ ስትለቀው መልሶ ተዘጋ። ከአንድ ጀምሮ ጮክ ብሎ እንዲቆጥር ነገረችው፤ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ እየቀጠኑ ሄዱና የመጨረሻዎቹ ከትንፋሽ የማይለዩ ሆኑ።

«ለነርሷ ንገሩልኝ፣ በረዶ ካለ ታምጣ…» አለች ወደ ጸሐፊው ዞራ።

እኔ ጠርሙሴን ከፎጣው እየፈታሁ ነበር።

ዶክተሯ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች። «ይሄን ማን ነገረሽ?»

«ኪዮስኩ ነው የነገረኝ። ቀዝቃዛ ሲሆን ይከፈታል፤ ሞቃት ሲሆን ግን ይብስበታል። ለምንድን ነው፣ ዶክተር?»

ሳቀች። «ቆይ፣ መጀመሪያ እንየው።» ጠርሙሱን በፎጣው ዓይኑ ላይ አሳረፈች። ጥቂት ደቂቃ አቆየችው። ስታነሳው የአባዬ ዓይን ወለል ብሎ ተከፈተ። ሰብሳቢው ወንበራቸውን ገፍተው፣ ጠረጴዛውን ዞረው መጡና ጎንበስ ብለው አዩት። ጸሐፊው እንኳ ቀና አለ!

«ሲወድቅ ጠብቂና ድገሚው» አሏት ሰብሳቢው፣ እንደ ልጅ።

በኋላ ዶክተሯ አስረዳችኝ። ጡንቻው ራሱ አልተበላሸም አለች። ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ነው መንገድ ላይ የሚደክመው፤ ሲያርፍ ይመለሳል፣ ሲሠራ ያልቃል፤ ሙቀት ያባብሰዋል። በደም ምርመራ መረጋገጥ አለበት፤ መድኃኒት ግን አለው። ስሙን አስደገምኳት። ማያስቴኒያ። የሀብታም ሴት ስም ነው የሚመስለው። ቀጥዬ ብዙ ለምን ደረደርኩባት፤ አክስቴ በክርኗ እስክትደቁሰኝ ድረስ።

ጸሐፊው ሰብሳቢው እየነገሩት ጻፈ፦ ምርመራና ሕክምናው ተከናውኖ ቦርዱ እንደገና እስኪያየው ድረስ ሥራውን መሥራት አይችልም፤ ድጎማው ይሰጠው። አክስቴ አሁን አለቀሰች፤ «እንኳን ደስ ያለን!» ማለትም አልረሳችም።

አባዬ ልንወጣ ስንል በር ላይ ቆመና ወደ ዶክተሯ ዞረ። በዚያ በተሰባበረ ድምፁ «ዶክተር… ኮሌታዎ…» አለ። «ሲተኩሱት… ከጫፉ… ወደ መሃል።» እሷም ነጭ ጋውኗን ወዲያው ዳሰሰች።

ኮሪደሩ ላይ ዘበኛው መንገዳችንን ዘጋው። «ጋሼ፣ ሱሪዎቹስ? መጨረሻው ምን ሆነ?» አባዬ ወደ ጉሮሮው ጠቁሞ እጁን አወዛወዘ፤ አልቋል፣ ነገ በሉኝ እንደማለት። ከዚያ በጠራራው ከሰዓት፣ የተከደነ ዓይኑን ሳይሸፍን፣ በሰፈራችን መካከል ወደ ቤት ሄደ።

በማግስቱ እንደ ወትሮዬ አልተኛሁም። ገና ሲያፏጭ ሰምቼ ተነሳሁ።

«መጨረሻው ምን ሆነ?»

«ምን መጨረሻ አለው?» አለ ጫማውን እያሰረ፤ ለደም ምርመራው ሊሄድ ነው። «ረጅሙ ቀኑን ሙሉ ከሙሽራይቱ ቀሚስ ኋላ ቆሞ ዋለ። ድንኩ ሱሪውን ወደ ውስጥ አጥፎ አጥፎ እንደ ዝሆን እግር አደረገው። ሰው ‹ምነው?› ሲላቸው ሁለቱም ‹ምንም፣ ደህና ነን› አሉ። ማታ ነው ሱሪያቸውን ሊቀያየሩ የመጡት።»

«ለምን ቶሎ አልተናገሩም?»

አባዬ ሁለተኛውን ጫማ አሰረና ፀጉሬን አየ፣ ስለ ወፏ ሊል አፉን ከፍቶ ተወው።

«ያቺን ጠርሙስ ያዢ» አለኝ። «መንገድ ላይ የማታው ሰውዬ ከተቀላቀለን ያስፈልገው ይሆናል።»